ኃይል ከመጨመር በፊት፦ ያረጀ የጭነት መኪና ሞተር ስለ ማደስና ስለ ማሻሻል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለክቡራን አባቶች ካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤና ለልማት ኮሚቴ አባላት፦

ከየአጥቢያው ወደ ጽሕፈት ቤታችን ከሚደርሱን ማመልከቻዎች መካከል ስለ አሮጌ የጭነት መኪና የሚጻፉት ጥቂቶች አይደሉም። መኪናው አንድ ምእመን በስእለት የሰጠው፣ አለዚያም ደብሩ ከብዙ ዓመታት በፊት በአነስተኛ ዋጋ የገዛው ይሆናል። ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና አሸዋ ያመላልሳል፤ በችግር ጊዜ የእርዳታ እህል ያደርሳል፤ በቀረው ጊዜ እየተከራየ ለደብሩ ገቢ ያስገኛል። ማመልከቻዎቹ በአጻጻፍ ቢለያዩም አሳባቸው አንድ ነው፤ ሞተሩ ደክሞ አቀበት አልወጣ ስላለ ታድሶ ኃይል እንዲጨመርለት ድጋፍ ይደረግልን የሚል ነው።

ይህ ትምህርት ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ዓላማው መካኒክ ማሠልጠን አይደለም፤ ኮሚቴው ከመካኒክ ጋር ሲነጋገር ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅና በምእመናን ገንዘብ ላይ በማስተዋል እንዲወስን ለመርዳት ነው።

የአንድ ደብር ማመልከቻ

ከደጋው አገር የመጣ አንድ ማመልከቻ ለትምህርቱ መነሻ ሆኖናል። የደብሩ መኪና በአገራችን ሾፌሮች ዘንድ «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 ነው። የፊያት 682 ምርት በጣልያን አገር የተጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኤንትሬ የተባለው ዓይነት ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩለት፣ 11.5 ሊትር ይዘት ያለው፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አለው። ለረጅም ዘመን የአገራችንን ከባድ ጭነት የተሸከመ መኪና ነው።

ከአንድ መካኒክ ጋር ወደ ስፍራው ሄደን መኪናውን መረመርን። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ናፍጣ ከሚረጩት ስድስት ኖዝሎች አንዱ በመርጨት ፈንታ ያንጠባጥባል። ሁለት ሲሊንደሮች እመቃቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የናፍጣ ፖምፓው ማኅተምም ተቆርጦ ነበር። ሾፌሩን ስንጠይቀው፣ ከአንድ ዓመት በፊት ኃይል እንዲጨምር ተብሎ ፖምፓው መከፈቱን፣ ለጥቂት ሳምንታት መኪናው አቀበቱን እንደ ልቡ ሲወጣ መክረሙን፣ ከዚያ ወዲህ ግን ጥቁር ጭስ እንደማይለየው ነገረን። በመጨረሻ የኋላ ጎማዎቹ ሲወልቁ የፍሬኑ ሸራ እስከ ሪቬቱ ድረስ አልቆ ታየ።

በማመልከቻው ላይ ስለ ፍሬን አንድም ቃል አልተጻፈም። ያ መኪና ግን በዓመታዊው የንግሥ በዓል ምእመናንን ጭኖ ቁልቁለቱን የሚወርድ መኪና ነው። ይህ ሲነገራቸው የኮሚቴው ሰብሳቢ ለጊዜው ቃል አልመለሱም።

የሞተር ኃይል ከየት ይመጣል?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሣም። አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ያንን አየር ቀድሞ ከያዘው ቦታ ወደ 16ኛ ወይም 17ኛ እጁ ያህል ያምቀዋል። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያ ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሲረጨው በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ኃይል እንዲሰጥ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ እነርሱም በቂ አየር፣ በቂ እመቃ፣ በመጠኑና በጊዜው የሚረጭ ናፍጣ ናቸው።

1 ኪሎ ግራም ናፍጣ ፈጽሞ እንዲነድ 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ በተግባር ሞተሩ ከዚህም የበለጠ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሳይጨምር ናፍጣው ብቻ ቢጨመር ትርፉ ሳይነድ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ነው። ከጭሱ ጋር የሞተሩ ሙቀት ከልክ ያልፋል፤ የፒስተን ራስ የሚቀልጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአገራችን መልክዓ ምድር በዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ በምትገኝበት በ2,400 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ በ3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉ ወደዚህ በተጠጋ መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ በደጋ አቀበት ላይ ከጎደለው ኃይል ከፊሉ የከፍታው እንጂ የእርጅናው አይደለም። መኪናው አዲስ በነበረበት ዘመንም በዚያ አቀበት ላይ ሙሉ ኃይሉ አልነበረውም።

የጠፋውን መመለስ

ከእርጅና የተነሣ የጠፋው ኃይል ግን ሊመለስ ይችላል። ፍለጋው ጥቂት ገንዘብ ከሚጠይቀው ተጀምሮ ብዙ ወደሚጠይቀው መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ አየሩ ይታያል። የተደፈነ ማጣሪያ ሞተሩን አፍኖ ይይዛል፤ የተቀደደ ማጣሪያ ደግሞ አቧራ አስገብቶ ሲሊንደሩን ይበላል። የጭስ መውጫው ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደ ሆነም ይመረመራል።

ቀጥሎ ናፍጣው ይታያል። የናፍጣ ማጣሪያው ይለወጣል፤ በቧንቧዎቹ መጋጠሚያ አየር የሚገባ እንደ ሆነ ይፈተሻል። ኖዝሎቹ ወጥተው በመፈተሻ መሣሪያ ላይ ግፊታቸውና አረጫጨታቸው ይታያል። ፖምፓውም ልዩ ማሽን ወዳለው ባለሙያ ተወስዶ ፋብሪካው በወሰነለት መጠን ይስተካከላል። በጆሮና በጭስ ቀለም የሚስተካከል ፖምፓ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ሦስተኛ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል። አራተኛ መኪናው ተነሥቶ ጎማዎቹ በእጅ ይዞራሉ፤ ፍሬኑ ይዞት የቀረ ጎማ ካለ የሞተሩን ኃይል በከንቱ ይበላልና። በመጨረሻ የእያንዳንዱ ሲሊንደር እመቃ ይለካል። አምራቹ የወሰነው መጠን የማይገኝ ከሆነ፣ ወይም በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ፣ ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም።

ጭሱም ለኮሚቴው ምልክት ይሰጣል። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የናፍጣ መብዛትን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ እንደ ሆነ ይናገራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆም ነጭ ጭስ ናፍጣው በደንብ እንዳልነደደ ወይም ውሃ ወደ ሲሊንደር እንደ ገባ ያሳያል።

እድሳቱ እንዴት ይከናወናል?

ሞተር ይታደሳል ሲባል ፋሻ ለውጦ መግጠም ብቻ እንዳይመስለን። ሥራው የሚጀመረው በመለካት ነው። ሞተሩ በንጹሕ ስፍራ ይፈታል፤ እያንዳንዱ ክፍል ከየትኛው ሲሊንደር እንደ ወጣ ምልክት ይደረግበታል። የአንዱ ፒስተን ዘንግ ክዳን ለሌላው አይገጠምም፤ ሁለቱ በአንድነት የተሠሩ ናቸውና።

ፒስተኑ የሚመላለስበት ካሚቻ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ፋሻው ከሚደርስበት ከላይኛው ጫፍ ነው። ዋናው ዘንግ (ክራንክ ሻፍት) ብሮንዚና የሚያርፍባቸው ክፍሎቹ ይለካሉ፤ ተበልተው ከሆነ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ይሞረዳሉ፤ ከዚያ በልኩ የተሠራ ብሮንዚና ይገጠምላቸዋል። ቴስታታው የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ይፈተሻል። በተሰነጠቀ ቴስታታ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ማድረግ ገንዘብን ወደ ወንዝ መጣል ነው።

በሚገጠምበት ጊዜ የቴስታታው ብሎኖች ከመካከል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ። ሞተሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ ዘይት ወደየክፍሉ እንዲደርስ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ጭነት አይጫንበትም፤ ቆሞ ለረጅም ሰዓት እንዲሠራም አይተውም፤ በመጠነኛ ጭነት ይነዳል እንጂ። የመጀመሪያው ዘይትም ቶሎ ይለወጣል፤ አዲሶቹ ክፍሎች ሲፋተጉ የሚረግፈው ብረት በውስጡ ይገኛልና።

በደብሩ መኪና ላይ ሞተሩ ሲከፈት፣ ኖዝሉ ሲያንጠባጥብበት በነበረው ሲሊንደር ውስጥ የፒስተኑ ራስ ተቃጥሎ ጠርዙ መሸርሸር ጀምሮ ነበር። ፖምፓው ተከፍቶ የተገኘው ኃይል ከዚያ ፒስተን ዕድሜ የተቀነሰ ነበር ማለት ነው።

ኃይል የመጨመሪያ መንገዶች

የጠፋው ከተመለሰ በኋላ ከፋብሪካው መጠን በላይ ኃይል እንጨምር የሚል አሳብ ቢነሣ፣ በየጋራዡ የሚሰሙት መንገዶች አምስት ናቸው።

ናፍጣ መጨመር፦ ርካሹ መንገድ ነው፤ ጉዳቱን ግን ከላይ አይተናል። በደጋ አየር ላይ የሚሠራ ቱርቦ የሌለው ሞተር ቀድሞውንም አየር ያንሰዋልና ናፍጣ መጨመር አይረዳውም።

ፒስተን ማስፋት፦ ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን መግጠም ኃይል ይጨምራል የሚሉ አሉ። የኤንትሬው ሲሊንደር ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ነው። በ1 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የሞተሩ ይዘት የሚጨምረው በ1.5 በመቶ ብቻ ነው፤ በአቀበት ላይ ሾፌሩ ልዩነቱን አያውቀውም። ማስፋት የተበላን ሲሊንደር ለመጠገን ይጠቅማል፤ ኃይል ይጨምራል ተብሎ ሊሸጥልን ግን አይገባም።

ቱርቦ መግጠም፦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየርን ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ስለሆነ የአየር ማነስን በቀጥታ ይመልሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ያህል ነው፤ ቱርቦው 0.25 ባር ቢጨምርለት ሞተሩ በባሕር ዳር ያገኝ ወደ ነበረው አየር ይጠጋል። ከፋብሪካው የናፍጣ መጠን ሳያልፉ በዚህ ልክ መወሰን ከማሻሻያዎቹ ሁሉ የተሻለው ነው። ሆኖም ቱርቦው የራሱ የዘይት መስመር፣ ንጹሕ ዘይትና ጤናማ ራዲያተር ይፈልጋል። ከዚህ ልክ ካለፈ ግን ያለ ቱርቦ እንዲሠሩ የተሠሩት ፒስተንና ጓርኒሲዮን አይችሉትም።

ሞተር መለወጥ፦ ከሌላ መኪና የወጣ ብርቱ ሞተር መግጠም ይቻላል። ነገር ግን ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ለቀድሞው ሞተር ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ከአቅማቸው በላይ ሲሳቡ በየተራ ይሰበራሉ። የሞተሩ ቁጥርም በሊብሬው ላይ ተመዝግቦ የሚገኝ ስለሆነ ለውጡ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳይመዘገብ መኪናው ወደ ዓመታዊ ምርመራ ሊቀርብ አይገባም።

ዲፈረንሻል መለወጥ፦ ሞተሩን ሳይነኩ ጎማውን በዝግታ የሚያዞር፣ ነገር ግን በብርታት የሚስብ ዲፈረንሻል መግጠም ነው። መኪናው በሜዳ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በአቀበት ላይ ግን መሳቡ ይበረታል። በተራራማ አገር ለሚሠራ የደብር መኪና ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ትርፉን ማስላት

ኮሚቴው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በወረቀት ላይ ቢያሰላ መልካም ነው። መኪናውና ጭነቱ በአንድነት 14 ቶን ይመዝናሉ፣ አቀበቱም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወጣል እንበል። የመንገዱንና የጎማውን ተቃውሞ አንድ በመቶ ጨምረን ስናሰላ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት በጎማው ላይ 83 ያህል የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ደግሞ 125 ያህል ያስፈልጋል። ኃይሉ በግማሽ መጨመር አለበት ማለት ነው። አቀበቱ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን በመጀመሪያው ፍጥነት 60 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 40 ደቂቃ ይፈጃል። በብዙ ወጪ የሚገዛው ትርፍ 20 ደቂቃ ነው።

በሌላ በኩል ከጭነቱ ላይ 2 ቶን ቢቀነስ፣ ለዚያው ፍጥነት የሚያስፈልገው ኃይል በሰባተኛ እጅ ይቀንሳል፤ ለዚህም መካኒክ አያስፈልግም።

ከአቀበቱ በኋላ ያለው ቁልቁለት

አቀበት የወጣ መኪና መውረዱ አይቀርም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ እንደ ገና ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። 14 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 400 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ነው። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቢወርድ ከዚህ ብዙውን ሞተሩ ይይዝለታል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ ቢወርድ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የጋለ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፤ በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ፔዳልም ያን ጊዜ አይጠቅመውም።

ኃይል የተጨመረለት መኪና ብዙ ጭነት ይዞ ተራራው ራስ ላይ ይደርሳል፤ ፍሬኑ፣ ባሌስትራውና መሪው ግን እንደ ቀድሞው ናቸው። ስለዚህ ለሞተር ኃይል የሚጠይቅ ማመልከቻ ሁሉ የፍሬን ምርመራ ውጤት አብሮት መቅረብ ይኖርበታል።

የኮሚቴው ድርሻ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው አስተምሯል፤ ያ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ሊያሰላ ይገባዋል። የደብር መኪናም የምእመናን መባ ነው፤ እኛ ጠባቂዎቹ እንጂ ባለቤቶቹ አይደለንም። ከዚህ የተነሣ የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

• ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሦስት ጋራዦች የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ውሉ የሚለወጡትን ዕቃዎች በስም ይዘርዝር።
• የተለኩት መጠኖች ሁሉ በወረቀት ተጽፈው በደብሩ መዝገብ ይቀመጡ፤ የወለቁ አሮጌ ዕቃዎች ለኮሚቴው ይመለሱ።
• ለአንድ ሥራ የተሰበሰበ ገንዘብ ለሌላ ሥራ ሲውል ለምእመናን በግልጽ ይነገር።
• ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ ላይ ለጥገና የሚሆን ተቀናሽ ይደረግ፤ መኪናው ሲቆም ልመና አይጀመር።
• የሕንፃው ሥራ ወይም በዓሉ ቢቸኩልም፣ ፍሬኑ ያልተመረመረ መኪና ከግቢ አይውጣ።

ማመልከቻውን የላከልን ደብር ይህን ትእዛዝ ማክበር ቀላል አልሆነለትም። ገንዘቡ ለሞተር ተብሎ የተለመነ ነበርና ወደ ፍሬን ይዙር ሲባል ያጉረመረሙ ነበሩ። ሰብሳቢው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው የወለቀውን የፍሬን ሸራ ለሕዝቡ አሳዩ፤ ያለ ምርመራ ምእመናንን ማሳፈራቸው ስሕተት መሆኑንም በራሳቸው ላይ መሰከሩ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ አልነበረም። ፍሬኑ በመጀመሪያ ተሠራ፤ ሞተሩም በፋብሪካው ልክ ታደሰ። ገንዘቡ ስላልበቃ መኪናው በጋውን ሙሉ ቆሞ ከረመ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮም በኪራይ መኪና መጣ። ስለ ቱርቦ የተነሣው አሳብ 20 ደቂቃው ከተሰላ በኋላ በኮሚቴው ስምምነት ቀረ። ምእመናንን በጭነት መኪና ላይ ማሳፈርም ቀርቷል። ኤንትሬው ዛሬም አቀበቱን ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጥቁር ጭስ ግን የለውም፤ ቁልቁለቱንም ሾፌሩ ሳይፈራ ይወርዳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የደብራችን መኪና ፍሬን ለመጨረሻ ጊዜ ተፈትቶ የታየው መቼ ነው? በጽሑፍ የተያዘ ማስረጃ አለን?
2. መኪናችን ዘወትር የሚጭነው ስንት ቶን ነው? አምራቹ ከፈቀደው መጠን ጋር አነጻጽረነዋል?
3. ሞተሩ ደከመ ስንል የአየር ማጣሪያው፣ ኖዝሎቹና እመቃው ተመርምረዋል ወይስ በሾፌሩ ቃል ብቻ ነው?
4. ኃይል ቢጨመር በአንድ ጉዞ ስንት ደቂቃ እናተርፋለን? ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ በደብራችን ሌላ ምን ይሠራ ነበር?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።